ሰሜን ላይ የዘነበው የግንቦት ዝናብ

መቐለ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባርናባስ፣

ከመይ ኣለኻ ሓወይ? ትግርኛው ጨርሶ እንዳይጠፋህ ብዬ ነው በዚህ የጀመርኩት። እኔም፣ ሃይለም፣ ልጃችን አክሱማዊትም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የወንድምህ ልጅ ሩት ደብዳቤህን ሱቅ ድረስ አመጣችልኝ። ጽሑፍህን ገና ፖስታው ላይ ሳይ ነው ያወቅሁት። ሃይለ በር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ ጓሮ ገብቼ አነበብኩት።

የጠየቅኸኝን ሳላድበሰብስ ልመልስልህ። አዎ፣ ሩት የሰማችው እውነት ነው። ቀሚሷን ልታሳጥር መጥታ ስትጠብቅ ሃይለ እንደ ልማዱ የዚያን ቅዳሜ ወሬ አወራላት። የቡጢ ግጥሚያው በዝናብ ምክንያት እንደቀረ፣ ነፋሱ የድንኳኑን ምሰሶ ነቅሎ ጭንቅላቱን እንደመታው፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ተጋጣሚው ከተማውን ጥሎ እንደጠፋ። «ባርናባስ ይባላል። እጁ ከባድ ነበር፣ ልቡ ግን የጫጩት» አላት። ልጅቷ አጎቷ መሆንህን ሳትናገር ቀሚሷን ይዛ ወጣች፤ አስተዳደጓ ይባረክ።

እኛ ካገገመ በኋላ እውነቱን የነገርነው መስሎህ ኖረሃል። አልነገርነውም። ያኔ አንተ ኮሪደሩ ላይ ነበርክ፤ እኔ ደግሞ ገና ሚስቱ ሳልሆን እንደማንም ደጋፊ አልጋውን ከበው ከቆሙት መሀል ነበርኩ። ሲነቃ መጀመሪያ ያለው «ግጥሚያው መቼ ነው?» ነው። የደጋፊዎቹ አለቃ ኣቦይ ወልደጊዮርጊስ ዐይናቸውን ሳያሹ «ዘነበ እኮ! ተላለፈ» አሉት። እኛም «ዘነበ፣ ዘነበ» እያልን ተቀበልናቸው። በግንቦት! ጠብ ሳትል! ጭንቅላቱስ ምን ሆኖ እንደታሰረ ሲጠይቅ ምሰሶውንም ኣቦይ ናቸው ያመጡት።

ለጥቂት ቀን ብለን ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ለዝናቡ የራሱን ጨመረበት። ኣቦይ ወልደጊዮርጊስ አንድ እግር ጫማቸው በጎርፍ እንደተወሰደ ይናገራሉ። ከክለቡ ፊት ለፊት ሻይ ቤት የነበራቸው እትዬ ብርቄ የበራቸው ሸራ ተቀዶ ስኒ ሁሉ ውሃ እንደሞላ ይምላሉ። ታክሲዎች ሮማናት አደባባይ ላይ ቆመው ሰው በጀርባ ሲሻገር አየሁ የሚልም አለ። ዛሬ ሰሜን ሰፈር ውስጥ ያን ግጥሚያ አየሁ የሚል አንድ ሰው አታገኝም። ዝናቡን ግን ሁሉም አይቶታል።

ስለ ግራ እጁ የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ስልክ ግን በፍጹም እንዳትደውል። የኔን ስልክ ከኔ ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ድምጽህን ደግሞ አልረሳውም።

እህትህ ሮማነወርቅ

•

ሐዋሳ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሮማነወርቅ፣

መልስ ለመስጠት የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ አስቤ ተውኩት። እዚህ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ፤ ሐይቁም ሥራውም የትም አይሄዱም። የዘገየሁት ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ነው። ስለ ኣቦይ ጫማ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ የሠራተኞቼ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ መጣ።

እኔ ዘመኔን ሁሉ ሳስብ ደስ የሚለኝ ያ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን በሥራ ተዛውሮ መቐለ ሲያመጣን ከሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ያናገረኝ ሃይለ ነው፤ ያውም በቡጢ። ከዚያ በኋላ አንለያይም ነበር። ጠዋት ጠዋት በውቅሮ መንገድ እንሮጥና ስንመለስ እትዬ ብርቄ ጋ ሻይ በዳቦ እንበላለን። አሰልጣኝ መርሻ ነፍሳቸውን ይማረውና ክብደታችን እኩል ቢሆንም አንድም ቀን አላጋጠሙንም። «ሁለቱን እጆቼን ምን ብዬ አማታለሁ?» ይሉ ነበር። ሌላ ክለብ ሲመጣ ግን አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ እየጣልን እንመለሳለን።

ደጋፊው ነው ያላስቀመጠን። «ማን ይበልጣል?» ሮማናት ካፌዎች ውስጥ ከዚያ ሌላ ወሬ ጠፋ። ሰርግ ላይ ሳይቀር በሁለት ወገን ተቀመጡ። አሰልጣኙን አላስወጣ አላስገባ አሏቸው፤ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ።

አንቺ የማታውቂውን አንድ ነገር ልንገርሽ። የሃይለን እጅ ከኔ በቀር ማንም ፋሻ አስሮለት አያውቅም፤ የኔንም ከሱ በቀር። ያን ቀን ለየብቻ ክፍል ሰጡን። ትንሽ ቆይቶ ፋሻውን አንጠልጥሎ መጣና «ይሄን ነገር ማን ይሠራልኛል?» አለኝ። ልንዋጋ ነው፤ ቢሆንም አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተሳሰርን። እሱን የጣለውን ቡጢ አጥብቆ ያሰረው ራሱ ሃይለ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ዓይኔ አብጦ ተከድኖ ነበር። ኣቦይ ወልደጊዮርጊስ ከክፍሉ ወጥተው «ይህን ፊት ይዘህ ከገባህ ዝናቡ አበቃ። ዓይንህ እስኪድን ዘመድ ጋ ሂድ» አሉኝ። አክስቴ ጋ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ዓይኔ ዳነ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፤ ቆይቼ ብመለስ ደግሞ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ፈሪ መባሌ አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። የበለጠ ያመመኝ ግን «ታምሜ ሳይጠይቀኝ ቀረ» ማለቱ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሩት ትመረቃለች፤ አባቷ ስለሌለ የምቆምላት እኔ ነኝ። መቐለ ገብቼ ሃይለን ሳላይ አልመለስም። ሳየው ደግሞ እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ልጠይቀው ቆርጫለሁ። ምን ትያለሽ?

ወንድምሽ ባርናባስ

•

መቐለ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባርናባስ፣

እንደምን ከርመሃል? ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ብዬ ሌላ ሌላውን ባወራ ደስ ባለኝ። ምን ትያለሽ ስላልክ ግን እላለሁ። ከከፋህ ይክፋህ።

ስለ ግራ እጁ ጠይቀኸኝ ነበር። ይንቀጠቀጣል። የሸሚዙን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ራስ ምታቱ ሲነሳበት መስኮቱን በብርድ ልብስ እጋርዳለሁ። ደግሞ ሥራውን አይተውም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች አንዱ ጋ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ሰው «እጅህን ምን ነካው?» ሲለው ስቆ «ምሰሶ» ይላል። ስቆ! ለምን ይመስልሃል የሚስቀው? ምሰሶን የሚቀየም ሰው ስለሌለ ነው።

አንተ መጥተህ «እኔ ነኝ የመታሁህ» ብትለው አንተ ይገላግልሃል። እሱ ግን በዚህ ዕድሜው እንደ አዲስ ይመታል። ጠዋት ቁልፉን ስቆልፍለት ምን እያሰበ እንደሚቆም አስበኸዋል? በዚያ ላይ እኔስ? ኣቦይስ? ስንት ዘመን አብረነው እየሳቅን ዋሸነው። ከዚያ በኋላ በማን ወሬ ይስቃል?

ያን ሁለት ዓመት፣ ስልኩም መብራቱም ባንኩም ተዘግቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቃችን በር ላይ ነበር የሚሰበሰበው። የምናወራው ነገር አልነበረንም። ሃይለ ተነሥቶ ዝናቡን ይጀምራል፤ ኣቦይ ጫማቸውን ያነሳሉ፤ እትዬ ብርቄ ስኒያቸውን። የሚበላ በሌለበት በዚያ ዝናብ ስንስቅ ውለን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። አንተ አልነበርክም፤ አታውቀውም።

ይህን ጽፌ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር። ግን ሌላውንም ካልነገርኩህ ግፍ ይሆንብኛል። ይናፍቅሃል። ፈሪ ይልሃል፣ ሌላ ሰው ፈሪ ሲልህ ግን ይጣላል። አክሱማዊት አንድ ቀን «ያ ፈሪው ጓደኛህ» ብትለው «እኔ ነኝ የምለው፣ አንቺ ጋሼ ባርናባስ በይ» ብሎ ተቆጣት። ፋሻችሁን አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አጣጥፎ አስቀምጦታል። ስንት ቀን ጨርቅ ቸግሮኝ ልቆርጠው ስል አስጥሎኛል።

ስለዚህ አትምጣ አልልህም። ከመጣህ ግን ዝናብ ይዘህ ና።

ሮማነወርቅ

•

ሐዋሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሮማነ፣

ፋሲካ አልፎ እንኳን አደረሰሽ ሳልልሽ ቀረሁ፤ ይቅር በይኝ። ያልሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ተቆጥቼም ነበር፤ ተቆጥቼ የጻፍኩትን ቀድጄዋለሁ።

ዛሬ የማውቀው መምጣቴን ብቻ ነው። በምረቃው ማግስት እሑድ ከሰዓት ሱቅሽ በር ላይ አለሁ። አልናገርም ብዬ ቃል ልሰጥሽ ብዕር አንስቼ ነበር፤ አልጻፍ አለኝ። እናገራለሁ ማለትም አልቻልኩም። ሃያ ዓመት ያሸነፍኩትን ግጥሚያ ምነው ባላሸነፍኩት እያልኩ ኖሬ፣ አሁን አልተደረገም በል ስባል ለምን እንደሚከብደኝ እኔም አልገባኝም። ፊቱን ሳየው የሚሆነው ይሆናል።

እትዬ ብርቄን ሳሚልኝ። አሁንም ሻዩ ላይ ስኳር ያበዙ ይሆን?

ባርናባስ

•

መቐለ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባርናባስ፣

በደህና መግባትህን ሩት ነገረችኝ፤ ተመስገን። ያመጣኸውን ቡና ጎረቤቱ ሁሉ ተካፈለው፤ የሐዋሳው ሰው ቡና ነው እየተባለ ስምህ ተነሥቶልሃል።

 ያን እሑድ መንገዱ ጥግ ላይ ስትታይ ሃይለ ከወንበሩ ተነሣ። አንተም ቆምክ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ካልተናገራችሁ እኔ ልጮህ ነበር። ከዚያ «አንታ፣ ወፈርክ!» አለህ። እንደዚያ ስትተቃቀፉ እኔ ስፌት መኪናዬ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። አክሱማዊት ከዚያ ቀን ጀምራ «ለምንድን ነው ሰዎቹ ሁሉ ያለቀሱት? በዝናብ የቀረ ግጥሚያ ነው እኮ» እያለች ታደርቀኛለች። 

መቼም ኣቦይ ወልደጊዮርጊስን አይተሃቸዋል፤ ዘንጋቸውን ይዘው፣ እትዬ ብርቄን አስከትለው፣ ዘብ ሊቆሙ ነው የመጡት። ጫማቸውን እንኳ እንደ ወትሮው በትክክል መተረክ አቅቷቸው አንዴ ቀኙ አንዴ ግራው ሲሉ ሃይለ እየሳቀ አረማቸው። ኋላ ወደ አንተ ዞሮ «አንተስ? ሁሉም ተናገረ። አንተን ዝናቡ የት አገኘህ?» ሲልህ እትዬ ብርቄ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ የምትመልሰውን መስማት ፈርቼ ልብስ ላወርድ ነው ብዬ ጓሮ ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ አልነበረም።

ስመለስ የሆነውን ማመን አቃተኝ። ሃይለ ዕንባው እስኪወርድ ይስቃል። ያን አሮጌ ፋሻ ከሳጥን አውጥቶ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጁ ያንተን እጅ እያሰረ ነው። ኣቦይ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ምን አልከው? ሃይለን ብጠይቀው «የወንዶች ነገር ነው» አለኝ። እትዬ ብርቄ መናገር ሲጀምሩ ያለቅሳሉ። ኣቦይ «እሱ ራሱ ይጻፍልሽ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንጎራጎረ ነው የሚወጣ የሚገባው። ፈሪ የሚለውን ወሬ ጭራሽ አቁሟል። በል እንግዲህ ጻፍልኝ፤ ሥራ አላሠራ ብሎኛል።

ሮማነወርቅ

•

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሮማነ፣

የሌለ ልብስ ልታወርጂ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ብትቆዪ ይሻል ነበር፤ ልቤን ሙሉ የሚያውቅልኝ አንድ ሰው እፈልግ ነበር።

እውነቱን ይዤ ነበር የመጣሁት። ካረፍኩበት እስከ ሱቅሽ በታክሲ ስመጣ «እኔ ነኝ» የምትለዋን ስለማመድ ነበር። «አንተን ዝናቡ የት አገኘህ?» ሲለኝ አፌ ላይ ደረሰች። ያኔ ፊቱን አየሁት። ያ ሰው እየፈተነኝ አልነበረም። የራሴ ዝናብ ስለሌለኝ አዝኖልኝ፣ ከእናንተ ጋር ሊያስገባኝ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

እንዲህ አልኩት፦ «ደመናውን በውቅሮ መንገድ በኩል ሲመጣ አየሁት። ከሁላችሁ ቀድሜ ነው ያየሁት። ገና ሳያካፋ ሮጥኩ። ዝናቡን አይደለም የፈራሁት፤ ፈርቼህ ነበር። አንተ ሆስፒታል ተኝተህም ፈርቼህ ነበር፤ ለዚያ ነው ሳልጠይቅህ የቀረሁት። ይቅር በለኝ።»

ውሸት ነው ትይኝ ይሆናል። ሮማነ፣ ደመናው ብቻ ነው ውሸቱ። እዚያ ሪንግ ላይ ወድቆ፣ ዳኛው እየቆጠረ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል የያዘኝ ፍርሃት ዛሬም አልለቀቀኝም። እሱን ፍርሃት ነው የነገርኩት። ይቅርታዬንም ጠይቄያለሁ፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። ለምኑ እንደሆነ ባያውቅም ይቅርታው ይቅርታ ነው፤ እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሲስቅ ያገኘሽው ከዚያ በኋላ ነው። «እስቲ ባይዘንብ ኖሮ፣ ያን ቀን ፋሻዬን ማን ያስርልኝ ነበር?» አለ። «እኔ» አልኩት። «ያንተንስ?» «አንተ ነሃ!» «አይ ሞኞች!» ብሎ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ። እጁ ቢንቀጠቀጥም አስተሳሰሩን አልረሳም፤ አውራ ጣቴ ላይ እንደ ድሮው አጥብቆታል።

ባርናባስ

•

መቐለ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዚያ ለፈሪው፣

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ፣ ደሓን ዲኻ? በአማርኛ የምጽፍልህ ትግርኛ ስታነብ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ስለምትቆጥር ነው። አድራሻህን ከሩት ተቀብያለሁ። ሮማነ ይህን መጻፌን አታውቅም፤ እንዳትነግራት። የሷን አፍ ታውቀዋለህ፣ ምሥጢር የሚባል ነገር አያድርበትም።

ያን እሑድ ልመልስልህ ፈልጌ በሰው ፊት ያልቻልኩት ነገር አለ። ኣቦይ ወልደጊዮርጊስና እትዬ ብርቄ ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ፊታቸውን አየኸው? አፋቸው ይስቃል እንጂ ዐይናቸው ያዝናል። ያን ግጥሚያ ሳያዩ መቅረታቸው እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው ይመስለኛል። ስለዚህ እነሱ ባሉበት እንዲህ ማለት አይሆንልኝም።

አንተ ፈራሁህ አልከኝ። እኔም ፈርቼ ነበር ሓወይ። አንተን አይደለም፣ የገዛ እጄን። የዚያን ቀን ጠዋት አስታውሰዋለሁ። ከቤት ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ደመና የለም። በራችን ላይ ቆሜ «ጌታዬ፣ ምነው ዛሬን ብቻ ብታዘንብልኝ» ብዬ ለመንኩ። በግንቦት ዝናብ የሚለምን ሰው! ከዚያ በኋላ ያለው ከጭንቅላቴ ጠፍቷል፣ ምሰሶው ይሁን ምን ይዞት እንደሄደ እንጃ። ነቅቼ «ግጥሚያው መቼ ነው?» ስላቸው «ዘነበ» አሉኝ። አለቀስኩ። እነሱ ራሴን ያመመኝ መስሏቸው ሐኪም ጠሩ። ደስ ብሎኝ ነበር። የለመንኩትን ሰጠኝ።

አንዳንዴ ሥራ ቦታ ብቻዬን ስሆን አስበዋለሁ፤ ባይዘንብስ? አንዳችን አንዳችንን መጣላችን አይቀርም ነበር። የወደቀው ግድ የለም፣ ይነሳል። የጣለው ግን ምን ይሆን ነበር? እኔ ብሆን ያን ተሸክሜ መኖር አልችልም። አንተ ደግሞ ከኔ የባሰ ሆደ ባሻ ነህ። አሁንስ አንተም ደህና፣ እኔም ደህና፤ ምሰሶ እጄን ነካኝ እንጂ ሌላ ምን ጎደለብኝ? በቃ ይኸው ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ያ ዝናብ እኛን ነው ያተረፈን፣ ለሌላ ሰው አልዘነበም።

ለጥምቀት ና። አክሱማዊት እጅ አስተሳሰር አስተምሩኝ እያለች ነው፣ ለብቻዬ አልሆነልኝም። ፋሻውን አጥቤ ውጪ አስጥቼው ነበር። አሁን መዝነብ ስለጀመረ ልሂድና ላስገባው።

ወንድምህ ሃይለ